ያልደረሰው ደብዳቤ፦ በአሜሪካ ሳያውቁ በታገደ መንጃ ፈቃድ የማሽከርከር ክስ ታሪክ

በአሜሪካ የትራፊክ ፍርድ ቤቶች ዘወትር ከሚሰሙት ጉዳዮች አንዱ በታገደ መንጃ ፈቃድ ማሽከርከር ነው። ክሱ የሚቀርብባቸው ሰዎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ መታገዱን እያወቀ መሪ የጨበጠ ነው። ሌላው ደግሞ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ፣ ጊዜው እንዳላለፈበትም አረጋግጦ ሲነዳ፣ በተቃጠለ የኋላ መብራት ምክንያት ያስቆመው ፖሊስ ስሙን ኮምፒዩተር ውስጥ ካስገባ በኋላ ከወራት በፊት መታገዱን የሚነግረው ሰው ነው። የእገዳው ደብዳቤ ተልኳል፤ የተላከው ግን ለቆት ወደ ሄደው ቤት ነው። ወይም ደርሶ ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ተጥሏል፤ ወይም ጭራሽ አልመጣም። ሁለቱ ሰዎች የሚከሰሱበት አንቀጽ አንድ ሊሆን ይችላል። የሁለተኛው ሰው ዕጣ ምን መሆን እንዳለበት የአሜሪካ ሕግ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲከራከርበት ኖሯል፤ ክርክሩም የመንጃ ፈቃድን ታሪክ ሳያውቁ የሚገባ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አሽከርካሪዎች ፈቃድ እንዲያወጡ በማስገደድ ቀዳሚዎቹ ግዛቶች ማሳቹሴትስና ሚዙሪ ናቸው፤ ሁለቱም በ1903 ሕግ አወጡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈቃዱ ስለ ባለቤቱ ችሎታ የሚናገረው ነገር አልነበረም። ክፍያ የሚሰበሰብበትና ሹፌሩ ማን እንደሆነ የሚታወቅበት ወረቀት ነበር። ሮድ አይላንድ በ1908 ፈተና እስከጀመረችበት ጊዜ ድረስ መኪና መንዳት መቻሉን በመንግሥት ፊት ማሳየት የሚጠበቅበት ሹፌር በጣም ጥቂት ነበር። ሳውዝ ዳኮታ የመጨረሻዋ ግዛት ሆና ፈቃድ ማስገደድ የጀመረችው በ1954 ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ፈቃድ የሰጠ አካል መልሶ ሊነጥቅ እንደሚችል የተጠራጠረ አልነበረም።

ለዚህ ሥልጣን መሠረት የጣለው ፍርድ የመጣው ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት አካባቢ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በ1910 የበጋ ወር ጆን ሄንድሪክ የተባለ የዋሽንግተን ነዋሪ መኪናውን ይዞ ወደ አጎራባቹ ሜሪላንድ ተሻገረ። የግዛቲቱን የምዝገባ ሕግ ሳያሟላ በመገኘቱ በፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃ ተይዞ 15 ዶላር ተቀጣ። ጉዳዩን እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢያደርስም በ1915 ተረታ። ፍርድ ቤቱ እንዳለው ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ለሕዝብ አደገኛ በመሆኑ ግዛቶች ማን በመንገዳቸው ላይ እንደሚነዳ የመወሰን፣ የማስመዝገብና የማስከፈል ሥልጣን አላቸው። ከዚያ በኋላ የወጡ ብዙ የግዛት ፍርዶች ከዚህ ሐሳብ ተነስተው ወደ ሌላ ድምዳሜ ሄዱ፦ መንዳት በመንግሥት ችሮታ የሚገኝ ነገር እንጂ መብት አይደለም፤ ችሮታ ደግሞ ያለ ብዙ ሥነ ሥርዓት ሊወሰድ ይችላል። ይህ አስተሳሰብ ለሃምሳ ዓመታት ያህል ጸና። በእነዚያ ዓመታት አንድ ሹፌር ስለ መታገዱ ይወቅ አይወቅ የሚለው ጥያቄ ክብደት ያላገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ላይ ፈቃድ የሚያሳጣው ጥፋት የመንገድ ጥፋት ነበር፤ ሰክሮ መንዳት፣ ሰው ገጭቶ ማምለጥ፣ በግዴለሽነት ማሽከርከር። ገንዘብ ወደዚህ ጉዳይ የገባው በ1920ዎቹ ነው። መኪናው በረከሰ ቁጥር አደጋው በዛ፤ ተጎጂዎች ካሣ ቢፈረድላቸውም ከድሃ ሹፌር የሚያገኙት አልነበራቸውም። ማሳቹሴትስ ኢንሹራንስን የሚያስገድድ ሕግ በ1925 አውጥታ ከ1927 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች። ኮነቲከት በዚያው በ1925 ሌላ መንገድ መረጠች፦ ኢንሹራንስ ግዴታ ባይሆንም አደጋ ያደረሰ ሰው ካሣ ለመክፈል አቅም እንዳለው ካላሳየ ፈቃዱን ያጣል። አብዛኞቹ ግዛቶች የተከተሉት የኮነቲከትን መንገድ ነው። በ1941 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ዓይነቱን የኒውዮርክ ሕግ አጸደቀ። በአደጋ ምክንያት የተፈረደበትን ካሣ ያልከፈለ ሹፌር መክሰሩን በፍርድ ቤት አሳውጆ ከዕዳ ነፃ ቢወጣ እንኳ ፈቃዱ እንደታገደ ሊቆይ ይችላል ተባለ። ከዚህ በኋላ ፈቃድ የማሽከርከር ችሎታ ማረጋገጫ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ዕዳ ማስከፈያም ሆነ። በኋላ የመጣው ችግር ሁሉ የተዘራው እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እገዳው በዳኛ አፍ በችሎት ሲነገር ሹፌሩ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሥራው ወደ ተሽከርካሪዎች ጽሕፈት ቤት፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ዲኤምቪ ወደሚለው መሥሪያ ቤት ሲዛወር ግን እገዳ በመዝገብ ላይ የሚሰፍር ቃል ሆነ። ለባለቤቱ የሚነገረውም በፖስታ ነው። ደብዳቤው የሚላከው ሹፌሩ ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ ወዳስመዘገበው አድራሻ ሲሆን አድራሻ ሲለወጥ ማሳወቅ የሹፌሩ ግዴታ ተደረገ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለዚህ 30 ቀን ይሰጣሉ፤ ካሊፎርኒያ 10 ቀን ብቻ። ፖስታ ቤቱም ነዋሪው ከለቀቀ በኋላ ደብዳቤ ወደ አዲሱ ቤት የሚያስተላልፈው ለተወሰነ ጊዜ፣ ያውም ነዋሪው ካመለከተ ብቻ ነው። መንግሥት የሚያውቀውን ሹፌሩ እንዲያውቅ የሚያደርገው ይህ ቀጭን ክር ነው። ክሩ ሲበጠስ መዝገቡና ሰውየው ይለያያሉ፤ መዝገቡ ታግዷል ይላል፣ ሰውየው ይነዳል።

በወንጀል ሕግ የቆየው መርህ ሰው የሚቀጣው በእጁ ለሠራው ብቻ ሳይሆን በልቡ ላሰበውም ነው የሚል ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን ምግብን፣ መድኃኒትን፣ ፋብሪካንና መንገድን የሚመለከቱ ደንቦች ሲበራከቱ ሕግ አውጪዎች ሐሳብ የማይመረመርባቸውን ጥፋቶች ማብዛት ጀመሩ። ድርጊቱ ከተፈጸመ በቂ ነው፤ ማወቅ አለማወቅ አይጠየቅም። በታገደ ፈቃድ መንዳት በብዙ ግዛቶች ከእነዚህ ተርታ ተመደበ። ምክንያታቸው ሲሰሙት የሚያሳምን ነው፦ የመንገድ ደኅንነት የሁሉም ነው፤ እያንዳንዱ ሹፌር ደብዳቤ አልደረሰኝም እያለ የሚያመልጥ ከሆነ እገዳ ትርጉም አይኖረውም። ይሁን እንጂ ይህ ጥፋት በብዙ ቦታ እስር የሚያስከትል ወንጀል ነው። በቨርጂኒያ ከቀላል ወንጀሎች ሁሉ ከባዱ እርከን ላይ ተቀምጧል፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስቀጣል። በደንብ መተላለፍ ስም የሚጀምር ነገር በእስር ቤት ሊያበቃ ሲችል ሐሳብን አለመመርመር ከባድ በደል ነው።

ይህን በደል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሁለት ፍርዶች ተመልክቶታል፤ ሁለቱም ስለ መኪና አልነበሩም። በ1952 ጆሴፍ ሞሪሴት የተባለ የሚሺጋን ሰው በአየር ኃይል መለማመጃ ሜዳ ላይ ተጥለው የዛጉ የቦምብ ቀፎዎችን፣ ባለቤት የሌላቸው መስሎት ሰብስቦ በመሸጡ ተከሶ ነበር። ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በጻፉት ፍርድ ሕጉ ስለ ሐሳብ ዝም ማለቱ ብቻ ሐሳብ አያስፈልግም ማለት እንዳልሆነ ተወሰነ። ሁለተኛው የ1957ቱ የላምበርት ጉዳይ ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው በከተማዋ ከአምስት ቀን በላይ ከቆየ በፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዝ ነበር። ከሰባት ዓመት በላይ በከተማዋ የኖረችው ቨርጂኒያ ላምበርት ይህ ግዴታ እንዳለባት አታውቅም ነበር፤ 250 ዶላር ተቀጣች። ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ቅጣቱን ሻረው። ዳኛ ዊልያም ዳግላስ እንዳብራሩት ዝም ብሎ መኖርን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ፣ ሰውየው ግዴታውን ማወቁ ወይም ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታ መኖሩ ካልታየ፣ የሕገ መንግሥቱን የተገቢ ሥነ ሥርዓት ዋስትና ይጥሳል። ተቃዋሚው ዳኛ ፌሊክስ ፍራንክፈርተር ፍርዱ ብቻውን ተንሳፍፎ የሚቀር እንደሚሆን ተንብየው ነበር። በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ትንቢታቸው ብዙም አልሳተም። ሆኖም በየግዛቱ በታገደ ፈቃድ የሚከሰሱ ሰዎች ጠበቆች የላምበርትን ስም ደጋግመው አንሥተዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነጥብ አለ። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም የሚለው መርህ በአሜሪካም በኢትዮጵያም የታወቀ ነው። በታገደ ፈቃድ መንዳት ክልክል መሆኑን አላውቅም የሚል ሹፌር ይህ መርህ ይረታዋል። ፈቃዴ መታገዱን አላወቅሁም የሚለው ግን ሕጉን ሳይሆን አንድን ፍሬ ነገር ነው ያላወቀው። ያ ፍሬ ነገር ደግሞ በዓይን የሚታይ አይደለም፤ በሌላ ሰው ቢሮ መዝገብ ውስጥ ያለ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ የሚሰጡ ፍርዶች የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

የመንጃ ፈቃድን ሕጋዊ ማዕረግ ያነሣው ጉዳይ ከጆርጂያ ገጠር መጣ። ፖል ቤል ቄስ ነበር፤ አገልግሎቱ ሦስት የገጠር ማኅበረሰቦችን የሚሸፍን በመሆኑ ያለ መኪና አይሆንለትም። በኅዳር ወር 1968 የአምስት ዓመት ሕፃን በብስክሌቷ መጥታ ከመኪናው ጎን ጋር ተጋጨች። ቤል ኢንሹራንስ አልነበረውም። ወላጆቿ 5,000 ዶላር ጉዳት ደርሶብናል ብለው አመለከቱ። በጆርጂያ ሕግ መሠረት ይህን ያህል ገንዘብ በዋስትና ካላስያዘ ወይም ከተጠያቂነት መለቀቁን የሚያሳይ ማስረጃ ካላቀረበ ፈቃዱም የመኪናው ምዝገባም ይታገዳሉ። ቤል በአስተዳደር ችሎት ቀርቦ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ማስረጃ ላቅርብ ቢል የጥፋተኝነት ጉዳይ እዚህ አይሰማም ተብሎ ተከለከለ። በግዛቲቱ የመጀመሪያ ፍርድ ቤት ቢረታም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ገለበጠበት።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት ወር 1971 ለቤል ፈረደ። ዳኛ ዊልያም ብሬናን የጻፉት ውሳኔ መንጃ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ በኋላ የሰው መተዳደሪያ ሊሆን እንደሚችል፣ ስለዚህም መብት ተባለም ችሮታ ግዛቱ ያለ ተገቢ ሥነ ሥርዓት ሊወስደው እንደማይችል ደነገገ። ማስታወቂያ መሰጠት አለበት፤ ሰውየውም ፍሬ ያለው ነገር በሚሰማበት ችሎት መደመጥ አለበት። ለሃምሳ ዓመት የቆየው የችሮታ አስተሳሰብ የፈረሰው በዚህ ፍርድ ነው። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ የ1941ዱን የኒውዮርክ ፍርድም ሻረ፤ በኪሳራ አዋጅ ከዕዳው ነፃ የወጣን ሰው ግዛት ፈቃዱን ይዞ ሊያስከፍለው አይችልም አለ።

የቤል ድል ግን ሳይሸራረፍ አልዘለቀም። በ1977 ኢሊኖይ የአንድ የጭነት መኪና ሹፌርን ፈቃድ በተደጋጋሚ ጥፋት ምክንያት አስቀድሞ ሳይሰማው መሰረዟን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተቀበለው። ጥፋቶቹ በፍርድ ቤት የተረጋገጡ ስለሆኑ መጀመሪያ ታግዶ በኋላ ቢደመጥ በቂ ነው ተባለ። በ1979 ደግሞ የትንፋሽ ምርመራ አልሰጥም ያለን ሹፌር ለ90 ቀን ወዲያው የሚያግደው የማሳቹሴትስ ሕግ በተመሳሳይ ምክንያት ጸና። በተግባር ሲታይ በአብዛኛው እገዳ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው ይቀድማል፣ መደመጡ ሹፌሩ ከጠየቀ ይከተላል። የመደመጥ መብት የሚጠቅመው ግን መጠራቱን ለሰማ ሰው ነው። ቤልን ያደመጠው ሕግ ደብዳቤው ያልደረሰውን ሰው ችግር አልፈታም።

ስለ ማስታወቂያ ራሱ የሚነገረው ሕግ ከባንክና ከቤት ጉዳይ የተወሰደ ነው። በ1950 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ እንደሁኔታው ለባለጉዳዩ ይደርሳል ተብሎ በቅን ልብ በሚታሰብበት መንገድ መላክ አለበት አለ፤ አድራሻቸው ለታወቁ ሰዎች በጋዜጣ ማወጅ ብቻ አይበቃም። ያም ሆኖ መድረሱን ማረጋገጥ አላስፈለገም፤ በትክክል መላኩ በቂ ነበር። በ2006 በአርካንሳስ በግብር ዕዳ ቤቱ በተሸጠበት ሰው ጉዳይ አንድ እርምጃ ተጨመረ፦ በአደራ የተላከው ደብዳቤ ሳይወሰድ ወደ ላኪው ከተመለሰ መንግሥት ሌላ የሚቻል መንገድ ሳይሞክር ዝም ሊል አይችልም። ተመልሶ የመጣ ፖስታ ላኪውን ያስጠነቅቃል ማለት ነው። ይህ ፍርድ ስለ መሬት ቢሆንም ለታገደ ሹፌርም የሚሆን ሚዛን ይዟል። ዲኤምቪ ፖስታው እንደተመለሰበት የሚያሳይ መዝገብ በችሎት ትልቅ ማስረጃ የሚሆነውም በዚህ ዓይነቱ ሚዛን ነው።

ሳያውቅ የነዳ ሰው ይቀጣ ወይ ለሚለው ጥያቄ ግዛቶች የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ኒውዮርክ ወንጀሉን ስትደነግግ ሹፌሩ እገዳውን ያወቀ ወይም ለማወቅ በቂ ምክንያት የነበረው መሆኑን በአንቀጹ ውስጥ አስገብታለች። ፍሎሪዳ ሁለት እርከን አላት፤ ሳያውቅ የነዳ ሰው የትራፊክ ደንብ እንደተላለፈ ተቆጥሮ በገንዘብ ይቀጣል፣ አውቆ የነዳ ግን ወንጀለኛ ነው። እገዳው በመዝገብ ላይ መኖሩ ሹፌሩ እንዳወቀ ያስገምታል፤ እገዳው የመጣው የትራፊክ ቅጣት ባለመክፈል ከሆነ ግን ይህ ግምት አይሠራም። ካሊፎርኒያ ማወቅን ትጠይቃለች፤ ሆኖም ማስታወቂያው ወደ ተመዘገበው አድራሻ ተልኮ ካልተመለሰ ሹፌሩ እንዳወቀ ይገመታል፣ ግምቱን ማፍረስም የሹፌሩ ፈንታ ይሆናል። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1991 በወሰነው የማካለም ጉዳይ ሕጉ ስለ ሐሳብ ቃል ባይናገርም ወንጀሉ ያለ ማወቅ አይቆምም አለ። በዚያው ላይ አስጠንቅቋል፦ እውነቱን ላለመስማት ብሎ ሆን ብሎ ዓይኑን የጨፈነ፣ የመጣለትን ፖስታ አልከፍትም ያለ ሰው እንዳወቀ ይቆጠራል። በቨርጂኒያም ፍርድ ቤቶች ዐቃቤ ሕግ ማስታወቂያው ለተከሳሹ እንደደረሰ እንዲያስረዳ ሲጠይቁ ኖረዋል። ማወቅን ጨርሶ የማይጠይቁ ግዛቶችም አሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሜሪላንዱ መንገድ ሚዛናዊ ይመስላል፤ ቅኑን ሰው ያድናል፣ አጭበርባሪውም አያመልጥበትም።

የደብዳቤው ችግር የጥቂቶች ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን የእገዳ ምክንያቶች ከመንገድ እየራቁ በዙ። ኮንግረስ በ1990 የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የተፈረደበትን ሰው፣ መኪና ውስጥ ባይገኝም፣ ግዛቶች ለስድስት ወር ፈቃዱን እንዲያግዱ ወይም እንደማይፈልጉ በይፋ እንዲያሳውቁ አደረገ፤ እምቢ ያለ ግዛት የመንገድ በጀቱ ይቀነስበታል። በ1996 የወጣው የማኅበራዊ ድጋፍ ማሻሻያ ሕግ ደግሞ የልጅ ቀለብ ያልከፈለ ወላጅ ፈቃዱ የሚታገድበትን ሥርዓት ግዛቶች ሁሉ እንዲያበጁ አዘዘ። ከትምህርት ቤት መቅረት፣ በችሎት አለመገኘት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፍርድ ቤት ወጪና መቀጮ አለመክፈል ምክንያት ሆኑ። የአሜሪካ የተሽከርካሪ አስተዳዳሪዎች ማኅበር በ2013 ባወጣው ጥናት በ2006 ፈቃዳቸው ከታገደባቸው ሹፌሮች 39 በመቶ ያህሉ የታገዱት ከመንዳት ጋር በማይገናኝ ምክንያት ነበር። እንዲህ ያለው እገዳ በራሱ በኮምፒዩተር የሚመጣ ነው፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አለመከፈሉን ለዲኤምቪ ያስተላልፋል፣ ዲኤምቪ ያግዳል፣ ማንም ሰው ጉዳዩን አይመረምርም። ሰክሮ በመንዳት የታገደ ሰው ብዙውን ጊዜ መታገዱን ዳኛ ፊት ሰምቷል። በ100 ዶላር ቅጣት የታገደው ነው በደብዳቤ የሚነገረው።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በፎልስ ቸርች፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ታሪክ በቅርብ ያውቁታል። በዋና ከተማዋ ታክሲ ከሚነዱት ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ለሹፌር ፈቃድ እንጀራ ነው። በአንድ ጠዋት ሦስት የሕግ ግዛቶችን፣ ዲሲን፣ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን፣ ማቋረጥ የተለመደ ነው፤ በአንዱ የተጻፈ ትኬት በሌላው መዝገብ ላይ ጉዳት ያመጣል። አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ ከዘመድ ጋር ያርፋል፣ ከዚያ ክፍል ይከራያል፣ ከዚያም ሥራውን ተከትሎ ይዛወራል። ፈቃዱ ላይ የቀረው አድራሻ ግን የመጀመሪያው የዘመድ ቤት ነው። ደብዳቤው ቢደርስ እንኳ በከባድ የቢሮ እንግሊዝኛ የተጻፈ ነው።

ክሱን መከላከል በጊዜ ብዛት የራሱን ልማድ አበጅቷል። በመንገድ ዳር ሹፌሩ የሚናገራት ቃል የክሱን ዕጣ ልትወስን ትችላለች፤ በፍሎሪዳ ለምሳሌ መታገዴን አውቅ ነበር ብሎ ማመን ማወቅ ከሚረጋገጥባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ሙሉውን የማሽከርከር መዝገብ ከዲኤምቪ ማውጣት ነው። መዝገቡ መቼ፣ በምን ምክንያትና በየትኛው አድራሻ ማስታወቂያ እንደተላከ ያሳያል፤ አንዳንዴ እገዳው ራሱ በስህተት የተጻፈ ወይም ክሱ በተመሠረተበት ቀን የተነሣ ሆኖ ይገኛል። የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ክፍያ ደረሰኝና የተመለሰ ፖስታ ሹፌሩ ደብዳቤው በተላከበት ቤት እንዳልነበረ ያስረዳሉ። በብዙ ፍርድ ቤቶች ዐቃቤያነ ሕግ ዕዳውን ከፍሎ ፈቃዱን አስመልሶ ለመጣ ሰው ክሱን ያነሡለታል ወይም ወደ ቀላል ጥፋት ያወርዱለታል። ለዚህም ሲባል ቀጠሮ ማስረዘም የጠበቆች የዘወትር ጥያቄ ነው። በኒውዮርክ የተለመደው ማውረድ ከወንጀሉ ወደ ያለ ፈቃድ ማሽከርከር ነው፤ ይህም የወንጀል መዝገብ አያስይዝም።

ከባዱ ስህተት ለመገላገል ብሎ በመጀመሪያው ቀጠሮ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው። ጥፋተኝነቱ ራሱ አዲስ እገዳ ሊያመጣ ይችላል፤ በፍሎሪዳ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት እንዲህ ያሉ ጥፋቶች የተመዘገቡበት ሰው ልማደኛ ተብሎ ፈቃዱን ለአምስት ዓመት ያጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 በአርጀርሲንገር ጉዳይ ጠበቃ ሳይኖረው ማንም ሰው በቀላል ወንጀልም ቢሆን ሊታሰር እንደማይችል ስለወሰነ፣ እስር የሚጠብቀው ድሃ ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት መጠየቅ ይችላል። ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ የማወቅ ጥያቄ ሌላ ክብደት አለው። የስደተኞች ይግባኝ ቦርድ በ1999 በሎፔዝ ሜዛ ጉዳይ እንደወሰነው ፈቃዱ መታገዱን እያወቀ ሰክሮ መንዳት ከአገር ሊያስወጣ የሚችል፣ ነውር ያለበት ወንጀል ነው። ጉዳዩን የወሰነው እያወቀ የሚለው ቃል ነበር። ከ2010 ወዲህ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፓዲላ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ፣ ተከላካይ ጠበቃ ስለ እንዲህ ያለው መዘዝ ደንበኛውን የመምከር ግዴታ አለበት።

ሳያውቁ የሚያዙ ሰዎች የበዙበት ሌላው ምክንያት የፖሊስ መሣሪያ መለወጥ ነው። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በደላዌር ጉዳይ ፖሊስ ያለ ምክንያት አንድን መኪና ፈቃድ ለማየት ብቻ ሊያስቆም እንደማይችል ወስኖ ነበር። ኮምፒዩተር በፖሊስ መኪና ውስጥ ሲገባ ግን ሰሌዳን ከመዝገብ ጋር ማመሳከር ማንንም ማስቆም አላስፈለገውም። በ2016 አንድ የካንሳስ ፖሊስ የአንድ ፒክአፕ ሰሌዳ ሲያይ የባለቤቱ ፈቃድ እንደተሰረዘ አገኘ፤ ሹፌሩ ማን እንደሆነ ሳያይ አስቆመው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2020 ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ አጸደቀው፤ የሚነዳው ባለቤቱ ነው ብሎ መገመት ከአእምሮ የራቀ አይደለም አለ። ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ብቻቸውን ተቃወሙ። በዚህ ፍርድ የተነሣ የመዝገቡ ቃል ብቻውን፣ ሹፌሩ ምንም ሳያጠፋ፣ ለማስቆም ምክንያት ይሆናል።

በሌላ በኩል የእገዳው ምንጭ ራሱ መድረቅ ጀመረ። በሚዙሪ በምትገኘው ፈርግሰን በ2014 ማይክል ብራውን በፖሊስ ከተገደለ በኋላ የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 ባወጣው ዘገባ የከተማዋ ፖሊስና ፍርድ ቤት ቅጣትን የገቢ ምንጭ እንዳደረጉት አጋለጠ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ የሕግ ድርጅቶች ባወጡት ጥናት ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈቃዳቸው ታግዶ ነበር። ካሊፎርኒያ በ2017 የትራፊክ መቀጮ ባለመክፈል ማገድን አቆመች። ዲሲ በ2018 ተከተለች። ከዚያ ወዲህ ከ20 በላይ ግዛቶች በዕዳ ምክንያት ማገድን አስቀርተዋል ወይም አጥብበዋል። በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ቀድሞ በ2004 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ሹፌሩ ስህተት ካለ የሚያሳይበት ችሎት ሳይሰጥ የሚያግደውን ሕግ ሽሮ ነበር፤ ፍርዱ በዚያ እገዳ ላይ የተመሠረቱ ክሶችን መሠረት አሳጣቸው።

በቨርጂኒያ ለውጡ በፍርድ ቤትም በምክር ቤትም መጣ። መክፈል ያልቻሉ ሹፌሮች በ2016 በፌዴራል ፍርድ ቤት በዲኤምቪ ኮሚሽነር ላይ ክስ አቀረቡ። በታኅሣሥ 2018 ዳኛ ኖርማን ሙን ሕጉ የመክፈል አቅምን ሳይጠይቅ፣ ሳያደምጥ የሚያግድ በመሆኑ ከሳሾቹ የመርታት ዕድል አላቸው ብለው በሕጉ ላይ ጊዜያዊ እግድ ሰጡ። አገረ ገዢው ራልፍ ኖርታም በ2019 በበጀት ማሻሻያ እገዳውን ለጊዜው አስቆሙ፤ ከ600,000 በላይ ሰዎች ፈቃዳቸውን መልሰው የማግኘት ዕድል ተከፈተላቸው። በ2020 ምክር ቤቱ ሕጉን ጨርሶ ሻረው። ክሱ የመጨረሻ ፍርድ ሳያገኝ የተዘጋ በመሆኑ ከሳሾቹ የጠበቃ ወጪ ይገባቸው እንደሆነ ሌላ ክርክር ተነሣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2025 በጊዜያዊ እግድ ብቻ ያሸነፈ ረቺ አይባልም ሲል ሰባት ለሁለት ወሰነባቸው። በቨርጂኒያ ዛሬ መቀጮ ባለመክፈል ብቻ የሚታገድ ፈቃድ የለም። የልጅ ቀለብ ባለመክፈል፣ ያለ ኢንሹራንስ በመገኘትና በመንገድ ጥፋት የሚመጡት እገዳዎች ግን እንዳሉ ናቸው፤ ከዲኤምቪ የሚወጣ እገዳም ዛሬም በፖስታ ይነገራል።